የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ባሕር ውስጥ የተዘራ መስክ

የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ ስለ ባሕር ሣር ነው። አልጌ አይደለም፤ የሚያብብና ዘር የሚጥል ተክል ነው። በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት የአትላንቲክ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሽታ ፈጀው፤ የ1933ቱ አውሎ ነፋስ የተረፈውን ጠራረገው። በሣሩ ተጠልሎ ይኖር የነበረው ስካሎፕ የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ ጠፋ፤ አጥማጆቹም ሥራ ፈቱ።

የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ከተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቱ ኔቸር ኮንሰርቫንሲና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ ሣሩን ለመመለስ ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘር በትኗል። ሥራው ለገበሬ እንግዳ አይሆንበትም፦ ዋናተኞች ዘር የያዘውን አገዳ በእጃቸው ይለቅማሉ፤ ዘሩ ተለይቶ በመኸር ይዘራል። ወደ 213 ሄክታር የተዘራው እ.ኤ.አ. በ2018 ከ3,600 ሄክታር በላይ ሆነ፤ ትርፉን ሣሩ ራሱ ዘራው። አሌክሳንድሪያ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ ይህ የሆነው በምትኖሩበት ግዛት ነው! እኛን የገረመን ግን ከሄክታሩ ይልቅ ሃያ ዓመት ሳይሰለቹ መዝራታቸው ነው። የውሃው ሙቀት መጨመር ያሰጋል፤ ጸሐፊያችን እሱንም አላለፈውም።