«ሰነዱን ክፍሌ ላኩልኝ»

እኔ አራት ቀን ትልቅ ሆቴል ተኝቼ ነው የመጣሁት። «ታድላ!» እንዳትሉ። መጀመሪያ ስሙኝና ከዚያ ትፈርዳላችሁ።

መቼም አዲስ አበባ የስብሰባ አገር ናት። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ከተመሠረተ ወዲህ እንግዳ ተለይቶን አያውቅም። ሸራተን በ1990 ሲከፈት «ይኼ ሁሉ አልጋ ማን ይተኛበታል?» ያሉ ነበሩ። ይኸው የተኛበት ተኛበት፤ ዛሬ ቦሌ ላይ ትልልቁን ሆቴል ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ታዲያ በየአዳራሹ በር ላይ ባጅ አንጠልጥለው፣ በተውሶ ጫማ ቆመው «ዌልካም» የሚሉ ልጆች አሉ። ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ፣ በቀን ሒሳብ የተጠሩ። እኔም ብዕር ብቻውን የቤት ኪራይ ስለማይከፍል አንዳንዴ እዚያው ነኝ። በዚህኛው ስብሰባ የአሥራ ሁለት አስተናጋጆች ኃላፊ ተደርጌ፣ «ሌሊትም ስለምትፈለጊ» ተብዬ ክፍል ተሰጠኝ። የሆቴሉንም የአዘጋጁንም ስም አልጠራም።

ክፍሉማ ክፍል ነው! ምንጣፉ የራስህን ኮቴ አያሰማህም። አልጋው ላይ ያሉት ትራሶች ለቀበሌ ይበቃሉ። ግን ትንሿን ፍሪጅ አደራ! አዘጋጁ የሚከፍለው «ማስተር ቢል» የሚሉት ውስጥ የገባውን ነው፤ አልጋውንና ቁርሱን። ለስላሳው፣ የልብስ አጠባው በተኚው ስም ይመዘገባል። አብራኝ የተኛችው የሒሳብ ክፍል ልጅ በመጀመሪያው ሌሊት አንዲት ጣሳ ለውዝ ከፍታ ቀማመሰች። ስንወጣ ሒሳቡን ስታይ «በዚህ ብር መርካቶ ጆንያ ሙሉ ይሰጡኝ ነበር» ብላ ልታለቅስ ደረሰች።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት እንነሳለን። ባጅ በፊደል ተራ መደርደር፣ ቦርሳ ማደል፣ የትርጉም ማዳመጫ መታወቂያ እየያዙ መስጠት፣ ማታ ሲቆጠር የጎደለውን በየወንበሩ ሥር መፈለግ። አስተርጓሚዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግማሽ ሰዓት ገደማ ይቀያየራሉ፤ አእምሮ ይደክማል ተብሎ ነው። የኛን እግር የሚቀይር ግን የለም።

ወደ ነገሬ ልግባ። በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የተከበሩ እንግዳ ደወሉ። «የነገውን ሰነድ ክፍሌ ላኩልኝ» አሉ። ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ እኔ እጄ ቀለም በቀለም ሆኗል። ከልጆቹ ሁሉ ትንሿ፣ ገና ሃያ ዓመቷ፣ ሰርቪስ ልትጠብቅ ቆማለች። «ስትሄጂ አድርሺላቸው፣ ሁለት ደቂቃ ነው» አልኳት። በገዛ አፌ! ሊፍቱ ያለ ካርድ ስለማይሄድ የክፍሌን ካርድ ሰጠኋት። ስልኳ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ በሥራ ሰዓት ስልክ እንዳይያዝ ብዬ የከለከልኩት እኔው ነኝ።

ሁለት ደቂቃው ሃያ ሆነ። ሰርቪሱ ጡሩምባ ነፍቶ ሄደ። ክፍሉ ጋ ብደውል አይነሳም። ሊፍት ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ብጫነው ንቅንቅ አይልም፤ ለካ ካርዴ ከሷ ጋር ነው። በኩሽና በኩል ሮጬ የሠራተኞቹ ሊፍት ጋ ስደርስ አንዲት ጠና ያሉ የጽዳት እናት ጋሪያቸውን ይዘው ቆመዋል። የክፍሉን ቁጥር ስነግራቸው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። «ነይ ልጄ» ብቻ።

በሩ ላይ ደርሰው «ሃውስኪፒንግ!» ብለው በቁልፋቸው ደበደቡት። ከውስጥ የመቀርቀሪያ ድምፅ ሰማሁ። የተከበሩት እንግዳ በጋውን ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ተቀድቷል። ልጅቷ መስኮቱ ጥግ ቆማ ሰነዱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ታቅፋለች። «ደክሟት ስላየሁ መጠጥ ልጋብዛት ብዬ ነው» አሉ ሰውየው ፈገግ ብለው። እሷ በጎኔ ሹልክ ብላ ወጣች። ሰነዱን ሳትሰጣቸው ነው የወጣችው።

ኮሪደሩ ላይ የጽዳቷ እናት ተቆጡኝ። «እኛ እንኳ እንግዳ እያለ አንገባም። ባዶውንም ስናጸዳ በሩን ከፍተን፣ ጋሪውን ደፉ ላይ አቁመን ነው። ወረቀት ሪሴፕሽን ይቀመጣል፣ ሻንጣ የሚሸከሙት ልጆች በበሩ ሥር ያስገቡታል። ይኼን ሳታውቂ ነው አለቃ የሆንሽው?» ምን ልመልስ? አውቅ ነበር እኮ። ቸኮልኩ።

አዘጋጁ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አንድ ቀን ነው የቀረን፣ ነገሩን አታጩሂው። ልጅቷ ነገ ትረፍ።» ትረፍ ማለት እንግዲህ የቀን ሒሳቧ ይቆረጥ ማለት ነው። ያን ሌሊት ዝም አልኩ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የኔም ክፍያ እሱ እጅ ነበር። እነዚያ ሁሉ ትራሶች እያሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ግን በቴሌግራም ተጠርታ፣ ውል ሳትፈርም፣ አራት ቀን ቆማ የምትሄድ ልጅ አዋጁን ይዛ ማን በር ታንኳኳ? እኅቶቼ፣ ከመቆማችሁ በፊት ቢያንስ ስማችሁና የቀኑ ሒሳብ ያለበት ወረቀት ጠይቁ። ክፍል ድረስ ሂጂ የሚል አለቃ ካጋጠማችሁም፣ ሴትም ብትሆን፣ እንቢ በሉ። እኔን እንቢ ብትለኝ ኖሮ እቆጣ ነበር፤ ቢሆንም።

ጠዋት ለሆቴሉ ተረኛ ኃላፊ ነገርኩት። መዝገቡ ላይ ጻፈው። እንግዳው ግን ከሰዓት በኋላ የስብሰባ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ በአዘጋጁ መኪና ወደ ኤርፖርት ተሸኙ። በሩን የከፈተላቸው ከኔ ልጆች አንዱ ነው።

ማታ የመገኛ ወረቀቱ ሲመጣ በልጅቷ ስም ላይ የአራተኛውን ቀን ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ውሸት ነው ካላችሁ ውሸት ነው። አዘጋጁ አየው፣ አየኝ፣ ከፈለ።

ፖስታውን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ ምንም አልሰሙም፤ «ልጄን ሥራ ያስገባሽልኝ አንቺ ነሽ?» ብለው ቡና አፈሉ። ሦስተኛው ሲኒ ድረስ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ልትሸኘኝ ስትወጣ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አለቃ፣ የሥራ ልምድ ወረቀት ትጽፊልኛለሽ?»

«ስንት ቀን ብዬ?»

«አራት ነዋ!» አለች፣ ደንገጥ ብላ።

አራት ብዬ ጻፍኩላት። ቸር ሰንብቱ።