ቡችላውን ከመምረጣችሁ በፊት አርቢውን ምረጡ

የዛሬው ጉዳይ ዶሮና ላም ሳይሆን እነሱን የሚጠብቀው ውሻ ነው። ግቢያቸውን ለማስጠበቅ «ንጹህ ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ የት ይገኛል?» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። እኔ ግን «የት ይገኛል?» ከማለት በፊት «ከማን ልግዛ?» ማለት ይቀድማል ባይ ነኝ።

«እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይባላል። ጊደር ስንገዛ እናቷ በቀን ስንት ሊትር እንደምትታለብ ሳንጠይቅ ብር አንቆጥርም። የ45 ቀን ጫጩት ስንረከብም የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባት መቼ እንደተሰጠ እናጣራለን። ውሻ ላይ ስንደርስ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት ይገባል? መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፎ የቆመ ሰው «ንጹህ ዘር ነው፣ ክትባቱንም ጨርሷል» ካለን በቃ፣ የሚቀረን ዋጋ መከራከር ብቻ ነው።

አቋሜን በግልጽ ልናገር፤ እናቲቱን ማሳየት ከማይችል ሰው፣ የፈለገውን ያህል ቢምል፣ ቡችላ አትግዙ።

አንደኛ፣ ዝርያን ቡችላው ላይ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ጀርመን ሼፐርድ በ2 ወሩ ጆሮው ገና የታጠፈ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ይህ ዝርያ ከወላጅ የሚወረስ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርም አለበት፤ በቡችላነት ግን አይታወቅም። ስለዚህ እናቲቱ፣ ከተገኘም አባትየው፣ ከተኙበት ሲነሱና ሲራመዱ እዩ። የዳሌ ኤክስሬይ ያስነሳ አርቢ ካገኛችሁ ደግሞ አትልቀቁት። ጠባይም ይወረሳል። ባለቤቷ አጠገቧ ቆሞ ሳለ እንግዳ ባየች ቁጥር የምትንቀጠቀጥ ወይም ያለ ምክንያት ልናከስ የምትል እናት ልጆች ላሉበት ግቢ ዘር አትሆንም።

ሁለተኛ፣ ፓርቮ የሚባለው በሽታ አለ። ቡችላ ላይ ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ ቶሎም ይገድላል። ምልክቱ የሚታየው በሽታው ከያዘው ከ3 እስከ 7 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። ዛሬ እጃችሁ ላይ ሲጫወት የነበረው ቡችላ በሳምንቱ ሊሞት ይችላል፤ ያን ጊዜ የመንገዱን ሻጭ የት ታገኙታላችሁ? ቤቱን የምታውቁት አርቢ ግን ተጠያቂነት አለበት።

ሦስተኛው የክትባት ነገር ነው። የ2 ወር ቡችላ ይዞ «ክትባቱን ጨርሷል» የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመራል፣ እየተደጋገመም እስከ 16 ሳምንት ድረስ ይዘልቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 3 ወር ሲሞላው ነው። ታዲያ በ2 ወሩ ምኑን ጨረሰው? ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም እንስሳንም የሚገድል ነው፤ «ንጹህ ዘር ነው» ብሎም አይምርም። ስለዚህ ቀኑ፣ የክትባቱ ዓይነትና የሐኪሙ ፊርማ ያለበት ካርድ ጠይቁ። ቀሪውን ክትባት ማስጨረስ የእናንተ ድርሻ ነው።

ደህና አርቢ በምን ይታወቃል? ግቢውን ከፍቶ ያሳያል። ቡችላው 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይም። የጥገኛ ትላትል መድኃኒት መቼ እንደሰጠ ይናገራል። ወንድምና እህት አያዳቅልም። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ገደማ ነው፤ በዓመትም ብዙ ጊዜ ለማዳቀል አትደርስም። ስለዚህ በየሳምንቱ የሁሉም ዝርያ ቡችላ የማይጠፋበት ሰው አርቢ ሳይሆን ነጋዴ ነው። ደህና አርቢ እናንተንም ይጠይቃል፦ የት ታሳድሩታላችሁ? ማን ይቀልበዋል? ቀኑን ሙሉ ታስሮ ሊውል ነው? ይህን ሲጠይቃችሁ «ምን አገባው!» አትበሉ። ለቡችላው የሚያስብ ሰው ሲያረባውም አስቦ ነው።

«እሱማ ውድ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ መንገድ ዳር ይረክሳል። የሞተ ቡችላ ግን ከሁሉም ይወደዳል። «አሳዘነኝና ገዛሁት» የሚለውም ልቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን ያንን በገዛን ቁጥር ሻጩ ሌላ ጡት ያልጠገበ ቡችላ ይዞ ይመጣል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። «ይሄ ክልስ ነው፣ እናቱ ይቻትና» የሚል ሐቀኛ ሰው፣ «ንጹህ ነው» እያለ ከሚምለው ይሻላል። ሌሊት ሌባና ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው የዘር ስም አይደለም፤ ጤናማ ሆኖ በሥርዓት ያደገ ውሻ ነው። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ቡችላውን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።