ቁጥር ባለርስት አለው ወይ?

ሁለት ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ነው፤ ብዜቱን ብቻ ይዞ ሁለቱን መልሶ መፈለግ ግን ዕድሜ ይጨርሳል። ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ የኤም.አይ.ቲ. ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1977 አር.ኤስ.ኤ. የተባለውን የምስጢር መጻፊያ ዘዴ በዚህ እውነት ላይ መሠረቱ። ብልሃታቸውን እናደንቃለን። ጠባችን በኋላ ከታጠረው አጥር ጋር ነው። ዩኒቨርሲቲው ፓተንት ጠየቀ፤ በ1983 ተሰጠው፤ እስከ 2000 ድረስም በአሜሪካ ምድር ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማንም እንዳይሠራበት ተከለከለ። ጥናቱ በባሕር ኃይልና በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ መደገፉን ፓተንቱ ራሱ ጽፎታል። ዘሩን ያቀረበው ግብር ከፋዩ ሕዝብ፣ አዝመራው ሲደርስ ጭሰኛ ሆኖ ተገኘ!

ፓተንት ዕውቀትን ከተደበቀበት ያወጣል የሚሉን አሉ። እዚህ ላይ ግን አያስኬድም። ዘዴው ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ወጥቶ ነበር፤ በሌላው አገር ፓተንት ያልተገኘበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ደግሞስ እንግሊዛዊው ክሊፎርድ ኮክስ ይህንኑ ነገር በ1973 በመንግሥቱ የስለላ መሥሪያ ቤት አግኝቶት አልነበረምን? እስከ 1997 ተደብቆ ቆየ እንጂ።

የደራሲ መብት ሌላ ነው፤ እርሱ የሚከለክለው የሌላውን ጽሑፍ መገልበጥን ነው። ፓተንት ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መሥመር በገዛ እጅህ የጻፍከውን ሶርስ ኮድ እንኳ ለጓደኛህ በነጻ እንዳትሰጥ ያስፈራራሃል። ፊል ዚመርማን የደረሰበት ይኸው ነው። በ1991 ፒ.ጂ.ፒ. የተባለውን ፕሮግራም ከነሶርስ ኮዱ ለሕዝብ ለቀቀ፤ የፓተንቱን ፈቃድ የያዘው ኩባንያም መብቴን ደፈርክ ብሎ ተነሣበት። ኋላም ፕሮግራሙ ለአሜሪካ አንድ፣ ለቀረው ዓለም ሌላ ሆኖ ተከፈለ። በ1999 የወጣው የጂ.ኤን.ዩ. ፕራይቬሲ ጋርድ የመጀመሪያ እትም አጥሩን ላለመንካት ሲል አር.ኤስ.ኤ.ን ጨርሶ ተወው፤ ስለዚህ በቀድሞው ፒ.ጂ.ፒ. የተቆለፈን ደብዳቤ እንደ ልብ መክፈት አልቻለም። ሒሳቡ አልከበደም፤ ፈቃድ ነው የታጣው።

ጉዳቱ በምስጢር ጽሑፍ ላይ የሚብሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ኬርክሆፍስ የተባለ ሊቅ ገና በ1883 እንዳሳሰበው፣ ጠላት አሠራሩን ሁሉ ቢያውቅ እንኳ ቁልፉ እስካልተያዘ ድረስ ምስጢሩ መጠበቅ አለበት። ታዲያ ሶርስ ኮዱ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ፣ ተማሪው ካላገላበጠው፣ ስሕተቱን ማን ያገኘዋል? ሻጩ? «እመኑኝ» ከማለት በቀር ምን ይለናል?

የአገራችን አዋጅ ቁጥር 123/1987 የሒሳብ ዘዴንና የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከፓተንት ውጭ አድርጓል። መልካም አድርጓል። ማንም አዋጁን ላሻሽል ብሎ ቢነሣ ይህችን አንቀጽ እንዳይነካት እንጠይቃለን። መምህራኖቻችንንም እንጠይቃለን፤ በዩኒቨርሲቲው ገንዘብ የጻፋችሁትን ፕሮግራም ከነሶርስ ኮዱ በቤተ መጻሕፍቱ አኑሩልን።