ሳይሞላ አታብሩት



ዛሬ የምናወራው ስለ ቦይለር ነው። «የመጋቢ ሚስት ስለ ቦይለር ምን አገባት?» ትሉ ይሆናል። ለምክር የሚመጡ ስንት ጭቅጭቆች ከተበላሸ የቤት ዕቃ እንደሚጀምሩ ብታውቁ ግን አትገረሙም። ሚስት «ውሃው ከቀዘቀዘ ወር ሆነው» ትላለች። ባል «እሠራዋለሁ አልኩ እኮ!» ይላል። ከውሃው ጋር ቤቱም ይቀዘቅዛል።

በቦይለሩ ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት ኤለመንት ይባላል። በውሃ ውስጥ የሟሟ ካልሲየም ሲሞቅ፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት ሆኖ በዚህ ብረት ላይ ይጋገራል። በአንድ ቀን አይደለም፤ ስስ ሆኖ ይደራረባል። ሲወፍር ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጣት ያቅተውና ውስጥ ታፍኖ ኤለመንቱን ያቃጥለዋል። ታዲያ ኤለመንቱ የተቃጠለው ሙቀት አንሶት ሳይሆን መውጫ አጥቶ ነው። በትዳርም «ትንሽ ነገር ናት፣ ልተዋት» እያልን የዋጥነው ቅሬታ እንዲሁ ይጋገራል። ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን 4፥26 ቁጣችንን ለነገ እንዳናሳድር የመከረን በከንቱ አይደለም።

ኤለመንቱ ከተቃጠለ መለወጥ አለበት። ውሃና 220 ቮልት በተገናኙበት ቦታ ድፍረት ጀግንነት አይደለምና ባለሙያ መጥራት ይሻላል። ሙያው ያለው ሰው በቤት ካለም ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። በመጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፋ፤ የግድግዳው ማጥፊያ ብቻውን አይበቃም። ኃይል አለመኖሩን በቴስተር ያረጋግጥ። ውሃው ሲበርድ መግቢያውን ዘግቶ ታንከሩን ያንጣፍፍ። አሮጌውን አውጥቶ ዝቃጩን ይጠብ። አዲሱ በቮልትም በዋትም ከቀድሞው ጋር ይመሳሰል፤ ጎማውም አዲስ ይሁን፤ የኧርዝ ሽቦውም ወደ ቦታው ይመለስ። በብዙ ቦይለሮች ውስጥ ታንከሩ እንዳይዝግ በእርሱ ፋንታ እየተበላ የሚያልቅ የማግኒዚየም ዘንግ አለ። ካለቀ አብሮ ይለወጥ። ባሎች ሆይ፣ ኤፌሶን 5፥25ን ስታነቡ ይህን ዘንግ አስቡት!

ከሁሉ በላይ ግን ታንከሩ ሳይሞላ አታብሩት። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ጠብቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሥራውን ውሃ ለሚመጣበት ቀን አድርጉት። በደረቁ የበራ አዲስ ኤለመንት በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የችኮላው ነው።

ብዙ እርቅ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ሽማግሌ ፊት ይቅር ተባብለው ማታ «ለምን እንደ ድሮው አልሳቅሽልኝም?» ይባላል። ወንድሜ፣ ታንከሩ ገና ባዶ ነው! እህቴ፣ አንቺም እንዲሁ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ይሞላ። የሚሞላውም ሳያቋርጡ በመስማት፣ አብሮ በመጸለይና የገቡትን ቃል በመፈጸም ነው። ከሞላም በኋላ 80 ሊትር ውሃ በ1,500 ዋት ለመሞቅ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ለዓመታት የቀዘቀዘ ልብ ከዚያ ይልቅ ጊዜ አይገባውምን?

አንድ ነገር ግን ልለይ። በቤቱ ዱላ ካለ ያ ቅርፊት አይደለም፤ ኃይል ያልጠፋበት ሽቦ ነው። እንዲህ ባለው ቤት «ታገሺ» ብቻ ማለት ተገቢ አይደለም። መጀመሪያ ከአደጋው መራቅ፣ ከዚያም የምታምኑትን ሰውና ሕግን እርዳታ መጠየቅ ይገባል።

ለሌሎቻችን የዚህ ወር የቤት ሥራ ይህ ነው፤ ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ «ሳትነግረኝ የዋጥኸው ነገር አለ?»፣ «ሳትነግሪኝ የዋጥሽውስ?» ተባባሉ። መልሱን ስትሰሙ ራሳችሁን ለመከላከል አትቸኩሉ።

ጌታ ቤታችሁን ያሙቅላችሁ። አሜን።