የጣና ዓሣ ጥናት ከመደርደሪያ ወደ ወንዝ ዳር ይውረድ

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር በር የላትም። ይህ ማለት ግን የውሃ ውስጥ ሕይወትን የሚመረምር ትምህርት የላትም ማለት አይደለም። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች መረብና ሚዛን፣ አጉሊ መነጽርና መዝገብ ይዘው ሐይቆችንና ወንዞችን ሲያጠኑ የቆዩ መምህራንና ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ከድካማቸው ብዙ ፍሬ ከተገኘባቸው ውሃዎች አንዱና ዋነኛው ጣና ነው። ይሁን እንጂ የጣና ዓሣ ዕድል የሚወሰነው በሐይቁ ላይ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ አጠገብ በሚያልፈው ወንዝ ውስጥም ስለሆነ፣ ጥናቱን አውቆ ሊሠራበት የሚገባው ከሁሉ በፊት የገበሬ ማኅበር መሪ ነው።

በመጀመሪያ የተገኘውን ውጤት መመልከቱ ተገቢ ይሆናል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። ከታች የሚመጣ ዓሣ ይህን ገደል ሊወጣ ስለማይችል፣ በሐይቁ ውስጥ የቀረው ዓሣ ከሌላው ተለይቶ ለረጅም ዘመን ኖሯል። የአካባቢው ሕዝብ ነጭ ዓሣ እያለ የሚጠራው ወገን በዚህ ሁኔታ ውስጥ በብዙ ዓይነት የተከፋፈለ ነው። አንዱ አፉ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ የተሠራ ነው፤ አንዱ ከጭቃ ውስጥ ትላትል ሲለቅም፣ ሌላው ዓሣ አሳድዶ ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እነዚህን ሁሉ እንደ አንድ ዝርያ ቆጥሯቸው ነበር። በ1990ዎቹ ግን የሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊዮ ናግልከርኬና መምህሩ ፈርዲናንድ ሲቢንግ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ ለክተው፣ ምግባቸውንና መኖሪያቸውን መርምረው፣ 15 የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። በመንጋጋው ጥርስ በሌለው በዚህ የዓሣ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ያህል ዓሣ በል መገኘቱ በዓለም ላይ እምብዛም ያልታየ ነገር ነው።

ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችም በሥራው ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። ዶክተር ተስፋዬ ውድነህ እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ጥናት የባሕር ዳርን ባሕረ ሰላጤ የዓሣ ሀብትና አያያዙን መረመሩ። ዶክተር እሸቴ ደጀን እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ሐይቁ ትናንሽ ዓሣዎች ጥናታቸውን አጠናቀቁ፤ ከዚያም ቀደም ብለው፣ በ2000፣ ከሆላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ቀድሞ በሳይንስ ያልታወቀች አንዲት ትንሽ የጣና ዓሣ ለዓለም አስተዋውቀዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁንም ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ከጣና ያገኟቸውን አዳዲስ ዝርያዎች ሰይመዋል። ዶክተር ዋሴ አንተነህም በመገጭ፣ በድርማና በአርኖ ጋርኖ ወንዞች ነጭ ዓሣ ለመራባት የሚያደርገውን ጉዞ ተከታትለዋል። ይህ ሁሉ አገር ሊኮራበት የሚገባ ሥራ ነው።

ዳሩ ግን ጥናቱ የሚያስደስት ብቻ ሳይሆን የሚያስጨንቅ ወሬም ይዞ መጥቷል። እ.ኤ.አ. እስከ 1986 ድረስ በጣና ላይ ዓሣ ይሰገር የነበረው ከሞላ ጎደል ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር። በዚያ ዓመት በሆላንድ እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ በሞተር ጀልባ የሚሰገረው ዓሣ በዓመት ከ40 ቶን በታች ከነበረበት ከ300 ቶን በላይ ደረሰ። ልማቱ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ወደ 75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የጫጩቶቹ መመናመን ከዚህም የባሰ ነበር።

ለምን ነጭ ዓሣ ይህን ያህል ተጎዳ? መልሱ ያለው በአረባቡ ላይ ነው። ቆሮሶ በሐይቁ ዳርቻ ስለሚራባ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ግን ክረምቱ ሲጠነክርና ወንዙ ሲሞላ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይና በሌሎችም ወንዞች መግቢያ ላይ ይከማቻሉ። ከዚያም በተለይ በነሐሴና በመስከረም ሽቅብ ተጉዘው፣ ንጹሕ ውሃ በሚፈስባቸው ገባር ጅረቶች ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ አየር የሚያገኘው በጠጠሩ መካከል ከሚፈስሰው ውሃ ነው። ደለል ከሸፈነው ይታፈናል። ጫጩቶቹም ወደ ሐይቁ እስኪወርዱ ድረስ ጥቂት ጊዜ በወንዙ ውስጥ ይቆያሉ። እንግዲህ የአንድ ዓመት ትውልድ በሙሉ በጥቂት ሳምንታት፣ በጥቂት ጠባብ ስፍራዎች ላይ ያልፋል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት መረብ ከዳር እስከ ዳር የዘረጋ ሰው የሚይዘው የዕለቱን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹን ዓመታት ጭምር ነው። ገበሬ ቢቸገርም የዘር እህሉን አስቀርቶ ሌላውን ይበላል። በወንዝ መግቢያ ላይ የሚያዝ ማኅፀነ ሙሉ ዓሣም ያው የዘር እህል ነው።

እነዚህ ጅረቶች የሚያልፉት በፎገራ፣ በደራ፣ በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በሌሎችም ወረዳዎች በሚገኙ የገበሬ ማኅበራት ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የአስጋሪዎች ብቻ ነው ብሎ መተው ስሕተት ይሆናል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መበተን በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። የብርብራ መርዝ ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም፤ ከላይ ከተበተነ እስከታች ድረስ ጫጩቱን ሁሉ ይጨርሳል። ለቤት ሥራና ለመንገድ ሲባል ጠጠርና አሸዋ ከጅረት መዛቅ፣ የወንዝ ዳርን እስከ ከንፈሩ ድረስ ማረስ፣ ውሃውን በሙሉ ወደ መስኖ መጥለፍም የዓሣውን አልጋ ማፍረስ ነው። ይህን ሁሉ የሚያየውና ሊያስቆመው የሚችለው ከሩቅ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ሳይሆን በቅርብ ያለው ማኅበር ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ነሐሴና መስከረም ጎተራ የሚጎድልባቸው፣ አዲሱ እህል ገና ያልደረሰባቸው ወራት ናቸው። በወንዙ ዳር ያለ ችግረኛ ከዚያ ዓሣ የሚያገኘው ለልጆቹ ራት ነው። ይህን ሰው «አትንካ» ብሎ ብቻ ማለፍ ፍትሕም አይሆንም፤ ቢባልም አይሠራም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊከለከል የሚገባው ብዙ የሚያጠፋው ነገር ነው። ይኸውም ብርብራ፣ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋ መረብና ለገበያ ሲባል በወንዝ መግቢያ ላይ የሚደረገው ስግር ናቸው። በአንድ መንጠቆ ለቤቱ የሚያጠምድ ችግረኛና በመረብ ጭኖ ለነጋዴ የሚያስረክብ ሰው በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ክልሉም የራሱን ሕግ አውጥቷል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ስለተጻፈ ብቻ ጅረት አይጠብቅም። ሕዝቡ ከልቡ ከተነሣ ምን ሊሠራ እንደሚችል በእምቦጭ ላይ ታይቷል። ይህ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ ከታየ በኋላ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለውታል። እምቦጭ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ስለሚታይ ሁሉም ደነገጠ። የዓሣ ማነስ ግን ከውሃ በታች ስለሆነ አይታይም። የማይታየውን እንዲታይ የሚያደርገው ጥናት ነው፤ የጥናትም ጥቅሙ ይኸው ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲዎቹም ሊወቀሱበት የሚገባ ነገር አለ። ከእነዚህ ጥናቶች አብዛኛዎቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ የታተሙትም ገበሬው በማያገኛቸው መጽሔቶች ነው። ተማሪው በጉማራ ዳር ሲከርም ዕቃውን የተሸከመለት፣ መሻገሪያውን ያሳየው፣ ጎጆውን ያካፈለው ገበሬ ነው። ተማሪው ዲግሪውን ተቀብሎ ሲሄድ ግን ያ ገበሬ ስለ ወንዙ ምን እንደተገኘ ሳይሰማ ይቀራል። ይህ ሊታረም የሚገባው ነው። ከወንዝ ላይ ጥናት የሚሠራ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት ውጤቱን በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፎ ለማኅበሩ ጉባኤ ቆሞ እንዲያስረዳ ቢደረግ፣ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ይሆናል። መምህራኑም የተማሪን ሥራ ሲመዝኑ በመጽሔት መውጣቱን ብቻ ሳይሆን ወንዝ ዳር መድረሱንም ቢቆጥሩ መልካም ነው።

የማኅበራት መሪዎችም ጥሪ እስኪደርሳቸው መጠበቅ የለባቸውም። ከሰኔ በፊት በወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ዩኒቨርሲቲውን ወይም የዓሣ ምርምር ማዕከሉን ጠይቀው ባለሙያ ማስመጣት ይችላሉ። ከሽማግሌዎችና ከአስጋሪዎች ጋር በጅረቱ ዳር ተጉዘው ዓሣው እንቁላል የሚጥልባቸውን ጠጠራማ ቦታዎች በስም ይለዩ። ሽማግሌዎቹ ከማንኛውም ካርታ ይልቅ ያውቋቸዋል። ቀጥሎም ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርበው፣ በእነዚያ ቦታዎች ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ መረብ እንዳይዘረጋ፣ ጠጠር እንዳይዛቅ፣ ብርብራ ደግሞ በማናቸውም ጊዜ እንዳይበተን በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ያስፍሩ። የላይኛው ተፋሰስ ማኅበር ጠብቆ የታችኛው ካልጠበቀ ድካሙ ከንቱ ስለሚሆን፣ በአንድ ወንዝ ላይ ያሉ ማኅበራት አብረው መምከር አለባቸው። በየዓመቱም የታየውን በቃለ ጉባኤ ቢመዘግቡ፣ መዝገቡ ለሚቀጥለው ተማሪ መነሻ ይሆናል።

በጥቅሉ የጣና ጥናት ግማሹ ተሠርቷል። ዓሣው ተቆጥሯል፤ ዝርያው ተለይቷል፤ የሚራባበት ወርና ቦታ ታውቋል። የቀረው ግማሽ በቤተ ሙከራ ሳይሆን በጉባኤ፣ በመነጽር ሳይሆን በጥበቃ የሚሠራ ነው። ይህም በገበሬ ማኅበር መሪዎች እጅ ያለ በመሆኑ፣ የሚቀጥለው ክረምት ወንዙን ሳይሞላው ሊመከርበት ይገባል።