የምርምር ረዳት ወይስ ጠርሙስ ተሸካሚ?

በዚህ ዓመት መጀመሪያ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋ ነበር፡፡ በአካባቢ ሳይንስና ፖሊሲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚከታተል ተማሪ ለምርምር ረዳትነት እንደሚፈለግ ትናገራለች፡፡ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ በወር ስንት እንደሚከፈለው፣ ቢታመም ማን እንደሚያሳክመው፣ የሚሰበስበውም ቁጥር የማን እንደሚሆን ግን አንድም ቃል አልሠፈረባትም፡፡ ይህም ሆኖ ሳለ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የአመልካቹ ሰልፍ ደረጃውን ሞላው፡፡ ከሰልፈኞቹም አንዱ እኔ ነበርሁ፡፡ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ጣቴን በሌላው ላይ ብቻ ለመቀሰር አይደለም፡፡

ለመሆኑ ረዳት የሚባለው ሰው ሥራው ምንድን ነው? ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፡፡ ውሃውን በጠርሙስ ይቀዳል፤ ዐፈሩን ይዝቃል፤ በወንዙ ውሃ ከለማው ጎመንና ሰላጣ ቅጠል ይቆርጣል፤ ገበሬውን ጠይቆ መልሱን ይመዘግባል፡፡ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣውን ክሮሚየም ለመለካት ላቦራቶሪ ያመሻል፤ ሌሊት ደግሞ ቁጥሩን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባል፡፡ ሥራው ሲያልቅ የውሎ አበሉን ፈርሞ ተቀብሎ ይሰናበታል፡፡ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ጽሑፉ በውጭ አገር መጽሔት ታትሞ ሲወጣ፣ የረዳቱ ስም ዕድል ከቀናው በምስጋናው መስመር ከሾፌሩ ቀጥሎ ይገኛል፡፡ ሾፌሩን መናቄ አይደለም፤ እርሱስ ቢያንስ የቅጥር ደብዳቤ አለው!

«ይህ የሆድ ጥያቄ ነው» የሚሉ አይጠፉም፡፡ አዎን፣ የሆድም ጥያቄ ነው፤ ባዶ ሆድ ይዞ ወንዝ ለወንዝ የሚዞር ሰው ትክክለኛ ቁጥር ሊመዘግብ አይችልም፡፡ ነገር ግን ጉዳዩ ከሆድ ያለፈ ነው፡፡

አገራችን ሕግ አልጎደላትም፡፡ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፡፡ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በበካዩ ላይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ ውሳኔ ሲያጣም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል፡፡ ከዚህ የተሻለ ምን ይጻፍ? ታዲያ ገበሬው ለምን አይከስም? ዳኛው «ማስረጃህ የታለ?» ብሎ ስለሚጠይቀው ነው፡፡ ማስረጃው ያለው በረዳቱ መዝገብ ውስጥ ነው፤ መዝገቡ የፕሮጀክቱ ነው፤ ፕሮጀክቱም ሲያልቅ መዝገቡ በቁልፍ ይዘጋበታል፡፡ ገበሬው ማሳውን አስፈትሾ፣ ቅጠሉን አስቆርጦ፣ ጊዜውን ሰጥቶ ሲያበቃ ውጤቱን ሳይሰማ ይቀራል፡፡ አቃቂ አባ ሳሙኤልን አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ወደ ቆቃ ይገባል፡፡ ወንዙ ከሰው ወደ ሰው ሲወርድ፣ ስለ ወንዙ የታወቀው ነገር ግን ከመሳቢያ አይወጣም፡፡

እንግዲህ ያለ ውል የሚሠራ ረዳት ይህን ሊያስቆም ይችላልን? አይችልም፡፡ ቁጥሩን ለገበሬው አሳያለሁ ቢል በምን መብቱ? ቁጥሩ ተለውጧል ብሎ ቢጮኽ ማን ይሰማዋል? የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያጸድቅለትም፣ አበሉን የሚፈርምለትም ያው አንድ ሰው ነው፡፡ መብት የሌለው ረዳት እውነትን ሊጠብቅ የማይችል ምስክር ነው፡፡

መምህራኖቻችን «ልምድ ታገኛላችሁ፤ እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» ይሉናል፡፡ የእነርሱም ደመወዝ ትንሽ መሆኑን፣ የምርምሩም ገንዘብ አዘውትሮ ከውጭ የሚመጣ መሆኑን እናውቃለን፡፡ ነገር ግን ውል መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል? ስም መጥራትስ? የችግር ማካፈል ተገቢ ነው፤ ችግሩን ሁሉ ለታናሽ ማሸከም ግን ማካፈል አይባልም፡፡

በውጭ አገር ያለው ረዳትም መብቱን በስጦታ አላገኘውም፡፡ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48 ሺህ ያህል ረዳት መምህራን፣ ተማሪ ተመራማሪዎችና ሌሎች የምርምር ሠራተኞች ኅዳር 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ሥራ አቁመው፣ ለስድስት ሳምንት ያህል ከቆዩ በኋላ የተሻለ ክፍያ የያዘ ውል አስፈርመዋል፡፡ እነርሱ ከእኛ የበለጠ ደፋር ሆነው አይደለም፤ አንዱ ሌላውን በርካሽ አልሸጠም እንጂ፡፡

ዋናው ድካማችን እዚህ ላይ ነው፡፡ አንዱ «ውል ስጡኝ» ሲል ሌላው ከኋላው «እኔ ያለ ውል እገባለሁ» ይላል፡፡ እኔም ያን ቀን ከሰልፉ ሳልወጣ የቀረሁት ከኋላዬ ያለው ቦታዬን እንዳይወስድብኝ ፈርቼ ነው፡፡ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እየሰማን አድገን፣ እኛ ግን ድሩን በየፊናችን እየበጠስን አንበሳውን እናማለን፡፡

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተሉትን እንዲጠይቅ አሳስባለሁ፡፡ አንደኛ፣ ማንኛውም የምርምር ረዳት ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ሰዓቱንና ክፍያውን፣ የሕክምናውንም ወጪ የሚገልጽ የጽሑፍ ውል ይሰጠው፡፡ ሁለተኛ፣ በሥራው ልክ ስሙ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይጻፍ፡፡ ሦስተኛ፣ ከሕዝብ ወንዝ፣ ከገበሬ ማሳ የተሰበሰበ ቁጥር ቅጂው በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ፤ ውጤቱም ለቀበሌው ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸው፡፡

እስከዚያው ድረስ በሰሌዳው ላይ ሌላ ወረቀት ሲለጠፍ፣ ከመሰለፋችን በፊት አንድ ጥያቄ ሁላችንም በአንድነት እንጠይቅ፤ «ውሉ የታለ?» እንበል፡፡ አንድ ሰው ቢጠይቅ ከሰልፉ ይባረራል፡፡ ሰልፉ በሙሉ ቢጠይቅ ግን ማን ማንን ያባርራል?