ዛር ሳይሆን ፒያኖ

«እሱማ ዛሩ ለቆታል!»

ይህን ያሉኝ ዱርቤቴ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት የማይጠፉ አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ነገሩ ስለ አንድ ወዳጄ ነው። ወዳጄ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ፣ በወጣትነቱ ሦስት አጫጭር የፒያኖ ድርሰቶች ጽፎ፣ ከዚያ ኑሮ ወደ ትውልድ ቀዬው መልሶት አሥራ አንድ ዓመት አንድ ኖታ ሳይጽፍ ኖረ። ዘንድሮ እንደገና ጀመረ። ከተማው ግን መጀመሩን አልሰማም፤ የሰማው ማቆሙን ብቻ ነው። ዛሩ ለቀቀው፣ ጥበብ ከዳችው፣ ትዳር ያዘና ደነዘዘ... ያልተባለ የለም።

እኔም እንደ ልማዴ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩስ? እሳቸውም እኮ አቁመው ነበር» አልኳቸው።

«ኧረ ተው ልጄ! እሳቸውማ መነኩሲት ናቸው፤ እግዜር ሰጣቸው!»

እነሆ የኛ ነገር! የጥበብ ሰው ሲሠራ እግዜር ሰጠው፣ ሲያቆም ዛር ለቀቀው። ለመሆኑ ሰውየው ራሱ የት ሄደ? ጣቱ፣ ጊዜው፣ የኪሱ ሳንቲም፣ የሚቀመጥበት ወንበር የት ገባ?

የእማሆይን ታሪክ አንባቢ ሳይሰማው አይቀርም። የሚተረክልን ግን እንደ ገድል ነው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዳይማሩ ተከለከሉ፤ ዓለም በቃኝ ብለው ግሸን ማርያም ገቡ፤ አሥር ዓመት ያህል ጫማ ሳይጫሙ፣ ፒያኖ ሳይነኩ ኖሩ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ዜማ ፈሰሰ። አሜን!

ገድሉ ዘሎት የሚያልፈውን እኔ ልናገር። እማሆይ የከንቲባ ገብሩ ልጅ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተልከዋል። ሙዚቃ የጀመሩት እዚያ ነው። ኋላም ካይሮ ላይ በአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች እጅ ቫዮሊንና ፒያኖ አጥንተዋል። ግሸን ሲወጡ ይህ ሁሉ ጣታቸው ውስጥ ነበር። ሲመለሱ ደግሞ እጃቸውን የሚያሳርፉበት መሣሪያ አላጡም። ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ፤ እዚያም በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው በሙዚቃቸው ችግረኞችን ለመርዳት ቆረጡ። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር ታተመ። ይህ በምኔትም በዓለምም ያለ ሥራ ነው፤ ላብ ያለበት ሥራ!

ዝምታው ባከነ ማለቴ አይደለም። ግሸን ያለችው አምባሰል ውስጥ ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን ከወሰደበት አገር። አሥር ዓመት እዚያ የኖረ ጆሮ ባዶውን አይመለስም። ዝምታ ግን በራሱ ድርሰት ቢወልድ ኖሮ፣ ፒያኖ የሌለው ሁሉ ሞዛርት በሆነ ነበር። ከዝምታው ጫፍ የሚጠብቅ መሣሪያ ሲኖር ነው ዝምታ የሚያፈራው። «እማሆይን እዩ፣ መከራ ጥበብን ያጠራል» እያሉ የሚያጽናኑን ሰዎች ስለዚህ አይናገሩም። ማጽናናት ወጪ የለውማ! ደግሞስ አብዛኞቻችን እሳቸውን ያወቅናቸው መቼ ነው? ፈረንሳዮቹ በኢትዮጲክስ 21ኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም ካሰሟቸው በኋላ አይደለምን? ያኔ ሰማንያን አልፈው፣ ኢየሩሳሌም ከገቡም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው ሲያርፉ ግን ለቅሶው ላይ ሁላችንም የቅርብ ዘመድ ሆንን።

ሌላው ወገን ደግሞ «ማሲንቆ ባለበት አገር ፒያኖ ምን ያደርጋል?» ይላል። ይህን እንኳ የምሰማው ኮትና ከረባት ካደረጉ ሰዎች ነው። እርግጥ ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ ሲያንሸራትት በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ ይነካል። ፒያኖ ይህን አይችልም፤ ቁልፉ ወይ ተመታ ወይ አልተመታ። ታዲያ የእማሆይን ጣት ስሙት፦ ዋናው ድምፅ ላይ ከማረፉ በፊት ጎረቤቱን ፈጠን ብሎ ነክቶ ያልፋል፤ እንጨቱና ብረቱ አዝማሪ ይሆናል። ግርማ ይፍራሸዋም ሶፊያ ድረስ ሄዶ የአውሮፓውን ሥልት ተምሮ ሲመለስ በዚያው ፒያኖ የኛን ዜማ ነው የጻፈበት። መሣሪያው ዜግነት የለውም፤ የሚጫወተው ሰው ነው ያለው።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም፤ ከአሥራ አንዱ ዓመት ሁለቱን የፈጀው በከረምቡላ ነው። ቀሪውን ግን ያለ መሣሪያ ነው የኖረው። አንድ ጊዜ አብረን፣ ስሙን የማልጠራው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል የተባለ ፒያኖ ፍለጋ ባሕር ዳር ሄድን። ፒያኖው አለ፤ የክፍሉ ቁልፍ የለም። «ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው» ተባልን። ሁለተኛ ሄድን፤ ሰውየው አሁንም ስብሰባ ላይ ነው። ፒያኖው ለእንግዳ ሲባል የተቀመጠ ነው አሉን። የትኛው እንግዳ እንደሆነ አልነገሩንም። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ስሙን አስፈርሞ ለሚገባ ሰው ያን በር መክፈት ስንት ብር ይፈጃል? ይህን በጽሑፍ ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

እስከዚያው ወዳጄ የሚጽፈው በተዋሰው ኪቦርድ ነው። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ ኪቦርዱ 61። ከግራ 15፣ ከቀኝ 12 ይጎድለዋል። አዲሱ ድርሰት ደግሞ በአንቺሆዬ ቅኝት ሆኖ ግራ እጁ ወደ ታች፣ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የጎደሉትን 15 ቁልፎች በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ሥሎ ከኪቦርዱ በስተግራ አጣብቋቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ቤቱ ሄጄ አየሁት። ቀኝ እጁ ይዘፍናል፤ ግራ እጁ ካርቶኑን ይመታል፣ ጠብ ጠብ ይላል። ሁለተኛውን ገጽ ጨርሷል። ሦስተኛው ላይ ዜማው ሙሉ በሙሉ ወደ ካርቶኑ ይገባል፤ እዚያ ሲደርስ መብራት ጠፋ፣ እሱ ግን መምታቱን አላቆመም።